«ለምን?» የሚል ተማሪ እንዳያፈሩ

የሳይንስ መምህር ሆነው አዲስ አበባ፣ ካራ ከተመደቡ እንኳን ደስ ያለዎ። ሥርዓተ ትምህርቱ «ተማሪው እየጠየቀና እየሞከረ ይማር» ስለሚል፣ ከሁሉ አስቀድመው የላብራቶሪውን ቁልፍ ለንብረት ክፍል ያስረክቡ። ማይክሮስኮፑ ከካርቶኑ ባይወጣ ይመረጣል። ከተሰበረ ይጠየቁበታል፤ ካልተነካ ማንም አይጠይቅዎትም።

ከዕቃው ሁሉ የሚያሰጋው ቴርሞሜትር ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል፤ «በባሕር ጠለል ላይ» የምትል ሐረግ ካለችበት ይዝለሏት። ካራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነዋ! አየሩ ሳሳ ስለሚል ውኃው 91 ወይም 92 ላይ ይንተከተካል። አንዷ ተማሪ አጎንብሳ አይታ፣ ደግማ አይታ፣ «ቲቸር፣ 92 ላይ ቆመ፤ እሳት ብንጨምርም አልነቃነቅ አለ» ትልዎታለች። እዚህ ላይ ዝም ካሏት አለቀልዎ። ስለ አየር ግፊት ራሷ ልትደርስበት ነው፤ አዳማ ያለችው አክስቷ ጋ ንፍሮው ቶሎ የሚበስለው ለምን እንደሆነም ትጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይበሉ። ደብተሯ ላይም 92ን ሰርዛ 100 ትጻፍ።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍም ፈታኝ ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ይህ ዛፍ፣ ከሥሩ ሣር ለምን እንደሚሳሳበት ከጽድ ሥር ጋር እያስተያዩ ማጥናት ይቻላል፤ ወጪውም የእግር መንገድ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሰሌዳው ላይ አንድ ዛፍ ይሳሉና «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» ብለው ያስገልብጡ። ሽታው ልብ እንዳይሰርቅ መስኮቱን ይዝጉ።

እንጦጦ አናት ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይህን ለተማሪዎቹ አይንገሩ፤ የሳተርንን ቀለበት በጠመኔ መሳል አያቅትዎትም።

ማስጠየቅ ግድ ከሆነብዎ ከፕላዝማው ይማሩ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ የገባው ያ ቴሌቪዥን ጥያቄ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ራሱ ይመልስ ነበር። ተማሪው ጥያቄውን ሰምቶ ሳይጨርስ መልሱ አልፎታል። የቡድን ሥራ ከተባለም አንድ ለአምስት አለልዎ፦ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ለስድስቱም እኩል ማርክ ይሰጣል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ያኔ ኩረጃው ነው፣ ኮሮናው ነው፣ ጦርነቱ ነው ተብሏል፤ እውነትም አላቸው። ካርቶን ውስጥ ስላለው ማይክሮስኮፕ ያነሳ ሰው ግን አልሰማሁም፤ እርስዎም አያንሱ።

የኢንስፔክሽን ቡድን ሲመጣ ቁልፉን ከንብረት ክፍል ይዋሱ፣ አቧራውን ያስጠርጉ፣ የአንድ ለአምስቱን ቃለ ጉባኤ በቀን በቀኑ ያስሞሉ። ቡድኑ «ተማሪዎች ሲጠይቁ አላየንም» የሚል አስተያየት ከጻፈ አይደንግጡ። ለሚቀጥለው ጉብኝት ሦስት ጠያቂዎች ይመድቡ፤ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከዋዜማው ያድሏቸው፣ ማን ቀድሞ እጁን እንደሚያወጣም ይንገሯቸው። ያቺን የቴርሞሜትሯን ልጅ ግን ከኋላ ወንበር ያስቀምጧት።