ችሎት በሪሞት፦ የሱሉልታ ተራ ተመልካች የዳኝነት ሥርዓት

ስለ ፊልም የሚጻፉ ጥናቶች ከፊልም ሠሪው መጀመር ይወዳሉ። ይህኛው የሚጀምረው ሶፋ ላይ ከተጋደመው ሰው ነው። ፊልም ሠሪው አንድ ሥራ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የተጋደመው ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ጥናቱ የተካሄደው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የተመረጠችው በብርዷ ምክንያት ነው። ብርዱ ሰውን በጊዜ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ በጊዜ የገባ ሰው ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ ቴሌቪዥን የከፈተ ደግሞ አስተያየት አያጣም። ማለዳ ለልምምድ የሚነሡት ሯጮች ከጥናቱ ውጪ ተደርገዋል። ድራማው ሳይጋመስ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ በሕግ የታወቀ ሲሆን በሌለበት የሚፈርድ ዳኛ ግን ገና አልተደነገገም። መጠይቅም አልተበተነም። ስለ ድራማ ያልተጠየቀ ሰው ጭምር በሚመልስበት አገር መጠይቅ መበተን ወረቀት ማባከን ነው።

የጥናቱ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ተራው ተመልካች ፊልም አይገመግምም፣ ችሎት ይቀመጣል። ማስረጃው ከአፉ የሚወጣው ቃል ነው። ሐያሲ ስለ ካሜራ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ታሪክ አወቃቀር ያወራል። ተራው ተመልካች ግን «አበዛችው» ይላል፤ «የእጁን ነው ያገኘው» ይላል፤ «ያበላሸችው እናቱ ናት» ብሎ ጥፋቱን ካልተከሰሰ ሰው ላይ ያሳርፋል። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው «ምን አለበት ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ?» የሚለው ነው። ይህ የሽምግልና ጥሪ አንድ ጊዜ እንኳ ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ፣ በምድር ላይ ከሦስተኛ ክፍል የሚያልፍ ተከታታይ ድራማ አይኖርም ነበር። አባቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ቆሞ ማዳመጥ እንደ መዝናኛ ይቆጠርበት የነበረ ሕዝብ፣ ዛፉን በቴሌቪዥን ቢተካ ጆሮውን አብሮ ይቀይራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይህ የተመልካቹ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። የፊልም ታሪካችን ግን ለተመልካቹ ይመሰክራል። በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃውና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ የሚጠራው ሥራ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ነው። ይህ የፊልም ርእስ አይመስልም፤ የአባትነት ክስ ማመልከቻ ነው። ወደ ሲኒማ ገና መግባት የጀመረ ሕዝብ በር ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጥፈው ሲያበቁ ዝም ብለህ ተመልከት ማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ የተሠራው «ጉማ» ደግሞ ነገሩ የደም ካሳ ነው፤ ዛሬ በየዓመቱ ፊልም ሠሪዎች የሚሸለሙበት የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው። ሌላው ዓለም ለፊልሞቹ የወርቅ ዘንባባና የወርቅ አንበሳ ሲሰጥ እኛ የምንሸልመው በጉማ ስም ነው። የጉማን ሥርዓት ከአያቱ ለሚያውቅ የሱሉልታ ነዋሪ በዚህ ውስጥ የሚያስገርም ነገር የለም። «ድፍረት»ስ? የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ስለቆመችበት እውነተኛ ጉዳይ የተሠራው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ቦታውን ይዞ ሳለ፣ በፍርድ ቤት እግድ እንዳይታይ ተደረገ፤ ኋላ ላይ እግዱ ተነሥቶ ታይቷል። ስለ ችሎት የተሠራን ፊልም ችሎት ሲያስቆመው፣ ፊልምና ፍርድ ቤት ይለያያሉ ብሎ የሚከራከር ሰው የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ላይ ይወድቃል።

ተከታታይ ድራማን ከተመለከትን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀርብ ድራማ ቀጠሮ ነው። ተከራካሪዎች ይቀርባሉ፣ ትንሽ ይነገራል፣ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ላይ ሲደረስ መዝገቡ ለሳምንት ይቀጠራል። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከሁለት ዓመት በላይ ሲታይ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለው ገጸ ባሕርይ በየሳሎኑ በየሳምንቱ ጥፋተኛ ተብሏል፤ ቅጣቱ ግን ይዘገይ ነበር። ተመልካቹ «አንዛዙት» እያለ ቢያማርርም አልቀረበትም፤ ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው መንዛዛትን እንደ አግባብ ያለው ሥነ ሥርዓት መቁጠሩ አይቀርም።

እውነተኛው የሕግ ፈተና የመጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ካና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየቀዳ ማቅረብ ጀመረ፤ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሙያተኞችም ተቃወሙ። ክርክሩ በጊዜው የባህልና የእንጀራ ጉዳይ ተደርጎ ነበር የቀረበው። በዚህ ጥናት መነጽር ሲታይ ግን የሥልጣን ወሰን ጥያቄ ነው፦ ቤተሰቡ የማይታወቅ፣ ዘሩ ያልተቆጠረ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቤት የሌለው የኢስታንቡል ሰው ሱሉልታ ውስጥ ሊዳኝ ይችላል ወይ? ሕዝቡ መልሱን ሳይውል ሳያድር አገኘ። ሰውየው በአማርኛ እስከተቆጣ ድረስ በአማርኛ ይፈረድበታል። ቋንቋው ግዛት ሆነ። በነገራችን ላይ ሱሉልታ ራሷ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ስትጠቃለል ማኅተሙም ቢሮውም ተቀይሯል፤ የቱርኩን ድራማ የ«ጥቁር ፍቅር»ን ሰዎች በተመለከተ ግን የሳሎኑ ሥልጣን አልተነካም። «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ሌላው ዘርፍም ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። አንድ ሰው በፊልሙ ላይ እየተናገረ የገዳዩንም፣ የሟቹንም፣ የሟቹን ሚስትም ነገር በአንድ ድምፅ ያስረዳል፤ ገጸ ባሕርዩ ያላለውን ጨምሮ ይላል። ድሮ ይህ ሥራ ስም ነበረው፤ ነገረ ፈጅ ይባል ነበር። ልዩነቱ የድሮው ነገረ ፈጅ ለአንድ ወገን ብቻ መቆሙ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። ተራው ተመልካች ፊልሙን ሙሉውን አያይም። ከመሃል ይገባል፣ «ይቺ ማን ናት?» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ ስልክ ያነሣል፣ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ሌላ ጣቢያ ነው፣ ከዚያ ይፈርዳል። ግማሽ ሰምቶ መፍረድ ደግሞ ነውር ነው። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። የሚመለሰው ግን ሙሉ ማስረጃ ያለ ጊዜው የሚሰጥባቸው ፊልሞች መኖራቸውን በማስታወስ ነው። «ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ቦምቡ ከፈነዳ በኋላ የቀረው ጊዜ በአብዛኛው ምርመራና የምስክር ቃል ነው። ተራው ተመልካች «ፈንድቶ የለ እንዴ፣ ምን ቀረ?» ሲል የሚያነሣው ነጥብ የውሳኔ መዘግየት እንጂ ትዕግሥት ማጣት አይደለም። «ስኩዊድ ጌም» በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 456 ባለዕዳዎች በልጆች ጨዋታ ተሰልፈው ይሞቱ ነበር፤ የእኛ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል እንኳ ሳይጨርስ «ዕቁብ ቢገቡ ይሄ ሁሉ አይመጣም» ሊል ይችላል። የቀሩት ክፍሎች ይህን አባባል የሚያፈርስ አንድም ነገር አላቀረቡም። ቀድሞ መፍረድ አዲስ ነገርም አይደለም። በሌባ ሻይ ዘመን መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ተራው ተመልካች በአምስተኛው ደቂቃ «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ በሠላሳኛው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ሥርዓቱን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ፈጽሞታል። ያውም መድኃኒት ሳይጠጣ።

በዚህም ላይ ፍርዱ ከሳሎን አልፎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ታይታኒክ» በኋላ የዓለም ተራ ተመልካች በአንድ ድምፅ «ሳንቃው ለሁለቱም ይበቃ ነበር» ብሎ በየነ። ዳይሬክተሩ ጀምስ ካሜሮን ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ በ2023 በቴሌቪዥን በቀረበ ሙከራ ሰዎችን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ነገሩን ፈተነ፤ በአንደኛው ሁኔታ ከሳንቃው ውጪ ቀርቶ የሞተው ልጅ ሊተርፍ ይችል እንደነበርም አመነ። መጥሪያው ለመድረስ ሩብ ምእተ ዓመት ፈጅቷል፤ ግን ደርሷል።

ዳኛው አድልዎ አለበት የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ አያቆየንም፤ አለበት። ዋናውን ተዋናይ «አክተሩ» ብሎ ይጠራዋል፣ «አክተሩ አይሞትም» የሚል ያለመከሰስ መብትም ሰጥቶታል። ከብት ያለበት ፊልም ሲቀርብለት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል የታየው «ላምብ» አንድ ልጅ በጉ ለበዓል እንዳይታረድበት የሚታገልበት ታሪክ ነው። በወተቱና በከብቱ በሚታወቅ አካባቢ ያደገ ዳኛ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ራሱን እንዲያገል ሕጉ ይጠይቃል። አያገልም። ለልጁ ያዝንለታል፤ በጉን ግን በዓይኑ ይመዝነዋል።

የቀረው የይግባኝ ጉዳይ ነው፤ ምሽት የተሰጠ ፍርድ በድጋሚ ስርጭት በማግሥቱ መታየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ቡና ተፈልቷል። ማታ «እሷ ናት ጥፋተኛዋ» ያለችው ሴትዮ በአቦሉ ውሳኔዋን ታጸናለች፤ በቶናው ጎረቤቷ ያላየችውን ትዕይንት በማስረጃነት ታቀርባለች፤ በረካው ሲቀዳ ጥፋተኛው ባልየው ሆኖ ይገኛል፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው እንዲሁ ብለው እንደነበር ይመሰክራሉ። ሦስት የፍርድ ደረጃዎች በአንድ ጀበና መሟላታቸው ለፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ በ2021 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ድራማና ፊልም ማሳየት የጀመረው የዲኤስቲቪ ጣቢያ ለራሱ «አቦል» የሚል ስም ማውጣቱ የሕግ ምክር የተጠየቀበት ይመስላል፤ እዚያ የታየ ነገር ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ነው፣ ቶናው ገና አልተቀዳም።