ዘመዳም ሰውና ርካሽ ቲኬት

አውሮፓ ውስጥ በ20 ዩሮ ከአገር አገር የሚያደርሰው የአውሮፕላን ቲኬት ዘመድ ለሌለው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። መሄጃውን ከሦስት ወር በፊት የሚያውቅ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማንንም ሳይቀሰቅስ ከቤቱ የሚወጣ፣ ዕቃው አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ የሆነ፣ ሲደርስ የሚቀበለው፣ ሲመለስም የሚቀየመው የሌለ ሰው በዚህ ቲኬት እንደ ልቡ ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰው ግን ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ አይወጣም። ከመሐል ሜዳ ወጥቶ ፍራንክፈርት የገባ ሰው ኮሎኝ ላይ የአክስት ልጅ፣ ሮም ላይ አበልጅ፣ ስቶክሆልም ላይ ደግሞ «በእናትህ በኩል እኮ እንገናኛለን» የሚል ሰው አያጣም። ስለዚህ «አውሮፓን በትንሽ ገንዘብ መዞር ይቻላል ወይ?» ሲባል መልሱ ያለው በይሉኝታ ሂሳብ ውስጥ ነው፤ የአየር መንገዱን የዋጋ ሰሌዳ ቢያገላብጡት አይገኝም። ቲኬቱስ ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነው ዘመዱ ነው። ይህን ማለቴ ዘመድ ይቅር ለማለት አይደለም፤ እንደ ሻንጣና እንደ ባቡር ሁሉ እሱም በበጀት ይያዝ ለማለት ነው።

ከሂሳቡ በፊት ግን ወረቀት ይቀድማል። ከአንዱ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ሌሎቹን አገሮች በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መጎብኘት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በእንጥልጥል ላይ ያለ ሰው በዚህ መብት አይጠቀምም። ከሸንገን ውጭ ያለው የለንደኑ ሰውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዘ ድረስ ፓሪስ ሄዶ ምሳ ለመብላት ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ ማመልከቻው ብቻ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የ20 ዩሮ ቲኬት ገዝቶ በ90 ዩሮ ቪዛ ከመለመን ይልቅ ለለንደኑ መንገደኛ ርካሹ አውሮፓ ስኮትላንድ ነው። ቅርብ ከፈለገም ባዝ አለለት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ ያለው እዚያ ነው። ከዚያም የቀረበ ከፈለገ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል፤ መግቢያው ነፃ ነው። የራስን ዘውድ በነፃ ማየት ደስ ይበል ወይ ያናድድ ለየተመልካቹ ልተወው።

ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአውሮፓ ኅብረት የአየር ገበያውን ሙሉ በሙሉ ሲከፍት፣ ማንኛውም የኅብረቱ አየር መንገድ በየትኛውም የኅብረቱ ከተሞች መካከል መብረር ተፈቀደለት። ዋጋውም ወደቀ። የወደቀው ግን የሰውዬው ዋጋ እንጂ የዕቃው አይደለም። ራያንኤርን የመሰለው ኩባንያ ከጠቅላላ ገቢው ሲሶ ያህሉን የሚያገኘው ከቲኬት ሽያጭ ውጭ ነው፤ ከሻንጣ፣ ከወንበር ምርጫ፣ ቀድሞ ከመግባት። በነፃ የሚፈቀደው ቦርሳ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። እስቲ ይህችን ቦርሳ ለአንድ የመንዝ ሰው ስጡትና ወደ ሮም ላኩት። ሁለት ኪሎ ሽሮ በላስቲክ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ፣ በላዩ ደግሞ «እንዳይፈስ» ተብሎ በጋዜጣ ይጠቀለላል። በርበሬው እንዲሁ። ቆሎ ለልጆቹ። ከዚያ ባናው ይመጣል። የመንዝ በግ ጠጉር የተፈተለበት፣ ለአራት ታጥፎ እንኳ ወገብ የሚደርስ ባና ቦርሳዋን ከላይ ሆኖ ያያታል እንጂ አይገባባትም። በመሳፈሪያው በር አጠገብ የቆመው የብረት ሳጥን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ዕቃው ከገባ ገባ፣ ካልገባ ከቲኬቱ በላይ ይከፈልበታል። ለዚህ አንድ የታወቀ መላ አለ፤ ሰው የለበሰው ልብስ አይለካም፣ አይመዘንም። በርኖስ የሚባለውን ነገር የለበሱት አባቶቻችን ይህን ዘመን አስበው ባይሆንም፣ ኪስ ተሰፍቶለት ቢለበስ ከእጅ ሻንጣ የበለጠ ይይዛል። (ቅቤ ግን አይሞከር። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኅብረቱ ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። እናት ያነጠረችው ቢሆንም ጉምሩክ እናትን አያውቅም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።)

ኤርፖርቱም የራሱ ጣጣ አለው። ርካሾቹ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት የማረፊያ ክፍያ በሚቀንስላቸው ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ነው። «ፓሪስ» ተብሎ የተሸጠው ቦቬ ከከተማዋ 80 ኪሎ ሜትር አልፎ ይገኛል፤ «ፍራንክፈርት» የተባለው ሐን ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ እንግዲህ መንገደኛን ደብረ ብርሃን ላይ አውርዶ «እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደኅና መጡ» እንደማለት ነው። ዘመድ የሌለው ሰው አውቶቡስ ይይዛል፤ አውቶቡሱም አንዳንዴ ከአውሮፕላኑ ይወደዳል፤ ቢሆንም ከፍሎ ይገላገላል። ዘመድ ያለው ሰው ግን ይደውላል። የአክስት ልጅ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ 120 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ የመኪና ማቆሚያ ከፍሎ፣ አይኑ እየተጨፈነ «ምን ችግር አለ» ይላል። በነፃ የተገኘው መጓጓዣ ይህ ነው። ወጪው አልጠፋም፤ ከመንገደኛው ኪስ ወደ ዘመዱ ኪስ ዞረ እንጂ። ዘመድዬውም በተራው ሲመጣ ይኸው ዕዳ ይመለሳል።

አልጋውም እንደዚሁ ነው። ዘመድ ቤት ማደር ነፃ ነው የሚል ሰው ሂሳብ ይዞ አልተቀመጠም። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድምና ስጦታ አለ። የባለቤቱ ልጅ ከክፍሉ ተነስቶ ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ለእሱም የማካካሻ ነገር ያስፈልጋል። እመቤቲቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ዶሮ ትሠራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው ከተማ የሚኖሩ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች «እነ እገሌ ቤት አድሮ እኛን ሳያይ ሄደ» እንዳይሉ ምሳ በአንዱ፣ እራት በሌላው ይሆናል። መንገደኛው ሮም ሦስት ቀን ሰንብቶ ያየው ሦስት ሳሎን ነው፤ በሦስቱም ቴሌቪዥኑ የኢትዮጵያ ነው። ኮሎሲየም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነፃ እንደሚከፈት ሳይሰማ፣ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ለዓመታት ቆሞበት የነበረውን፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ያለውን አደባባይ ሳያይ ይመለሳል። ገንዘብ አወጣ ወይ? አወጣ። አገር አየ ወይ? ዶሮ ወጥ በልቶ መጣ፤ እሱማ ፍራንክፈርትም ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይነሳል፤ «ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር መናቅ ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው የተባለው።» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መንዝ ላይ እንግዳን ደጅ ማሳደር ነውር ነው፤ ነውሩም በእንግዳውም በባለቤቱም ላይ ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የቆመው ጓዳው ሙሉ፣ ቤቱ ሰፊ፣ ጎረቤቱም አጋዥ በሆነበት አገር ነው። ስቶክሆልም ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቶ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው ላይ ያንኑ ሥርዓት መጫን እንግድነት ሳይሆን ግብር ነው። የሚሻለው ሆስቴል ውስጥ አንድ አልጋ ተከራይቶ፣ ሁለት ቀን አገር አይቶ፣ በሦስተኛው ቀን «ነገ ለምሳ እመጣለሁ» ብሎ መደወል ይመስለኛል። ቅያሜ መኖሩ አይቀርም። ቅያሜው ግን በአንድ ምሳ ያልቃል፤ የአራት ቀን እንግድነት ያመጣው ድካም ግን ሳይነገር ለዓመት ይቆያል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ብዙው ባለቤት «ለምን ቤት አላደርክም» ሲል ከልቡ ቢሆንም ዓይኑ ላይ እፎይታ ይታያል።

ዘመዳምነት ጉዳት ብቻ ነው እንዳይባል ደግሞ አንድ ያልተጠቀምንበት ሀብት አለን፤ የዘመን አቆጣጠራችን። የአውሮፓ ቲኬት የሚወደደው ፈረንጆቹ በሚያርፉበት ጊዜ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ፣ በእነሱ ገናና በእነሱ ፋሲካ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል እነሱ የበዓል ጉዟቸውን ጨርሰው ሥራ ገብተዋል። ጥምቀት ጥር 11 ከዓመቱ ርካሽ ሳምንታት አንዱ ላይ ያርፋል። መስቀል መስከረም 17 ሲሆን የባሕር ዳርቻው ሆቴል ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሰው ይጠብቃል። ፋሲካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 የእነሱ መጋቢት 31፣ የእኛ ደግሞ ግንቦት 5 ነበር፤ ከወር በላይ ልዩነት። ባሕረ ሐሳቡን የሚያሰላ ዲያቆን የመጪውን ዓመት ርካሽ ቲኬት ከማንኛውም የጉዞ ወኪል ቀድሞ ሊነግርህ ይችላል ማለት ነው። በጾም የሚጓዝ ሰው ደግሞ ምግቡ ይቀልለታል፤ በየጥጉ የሚሸጠው ፈላፍል ከሥጋው ሳንድዊች ይረክሳል። ብርዱም ቢሆን ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ለተወለደ ሰው የጥር አምስተርዳም ነፋስ ያን ያህል አያስደነግጠውም፤ ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ አለ፣ መንዝ ላይ ያለው ማሞቂያ ባና ነው። ጨለማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስቶክሆልም በጥር መባቻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚያ መንዝ አያዘጋጅም። የተማሪ ወላጅ በርካሹ ወቅት ተጓዝ የሚለውን ምክር ሊጠቀምበት እንደማይችልም አውቃለሁ። ጀርመን አገር ልጅን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ ለሽርሽር መውሰድ ያስቀጣል፤ ባቫሪያ ላይ ፖሊስ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ የጠየቀበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ከሩቁ ይልቅ ቅርቡን ይያዝ። የጀርመኑ ወርኃዊ የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬት እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ጀምሮ በ2026 ደግሞ 63 ዩሮ ደርሷል፤ ፈጣኑን ባቡር አይፈቅድም እንጂ አገሩን ሙሉ ያዞራል። ድንበር ላይ ያለችው ሉክሰምበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አውቶቡስም ባቡርም አታስከፍልም።

«ይህ ሁሉ ለምን? ገንዘቡ ለእናት ቢላክ አይሻልም?» የሚለው ከመሐል ሜዳ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ቀና ጥያቄም ነው። የእናቲቱን ገንዘብ የሚበላው ግን ታስቦበት የተደረገው ጉዞ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት በሦስት እጥፍ የተገዛው ቲኬት፣ በመሳፈሪያው በር ላይ የተከፈለው የሻንጣ ቅጣት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ስም እያለ «ማሙሽ» ተብሎ የተገዛው ቲኬት ማረሚያ ነው የሚበላው። አንድ ሌላ ነገርም ይታሰብ። ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ያለውን የጓሳን ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለማየት፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ፎቶ ለማንሳት ድንኳን ተሸክሞ የሚመጣ አውሮፓዊ ሁሉ ሀብታም አይደለም። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ፣ ርካሹን ወቅት መርጦ የመጣ አስተማሪ ወይም ነርስ ነው። እሱ ጓሳን አይቶ ሲመለስ፣ የጓሳ ልጅ ፍራንክፈርት እየኖረ የራይንን ወንዝ ከባቡር መስኮት ብቻ ቢያይ ቁጥብ ነው አልለውም።

ለቅሶ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ክርክር ይፈርሳል። ለቅሶ ከሦስት ወር በፊት አይታወቅም፤ «በጥር ዋጋው ሲወርድ እመጣለሁ» የሚባል የሐዘን ዓይነት የለም። እዚህ ላይ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ነውር ነውና የተጠየቀውን ከፍሎ መሄድ ብቻ ነው ያለው፤ ካልሆነ ደግሞ ተሰባስቦ መኪና መከራየት። ተራው የአውሮፓ መንጃ ፈቃድ ሾፌሩን ጨምሮ እስከ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ መኪና መንዳት ይፈቅዳል። ኪራዩና ነዳጁ ለዘጠኝ ሲካፈል ብዙ ጊዜ ከመጨረሻ ሰዓት ቲኬት ይረክሳል፤ ሻንጣ የሚለካ የለም፤ ባናውም ሽሮውም ይጫናል። ለዘመዳም ሰው የተሠራ መጓጓዣ አውሮፓ ላይ አለ ከተባለ እሱ ይኸው ነው። አንድ ችግር አለው፤ ልትነሱ ስትሉ አሥረኛው ሰው ይደውልና «እኔንም መንገድ ላይ ያዙኝ፣ ጠጋ ጠጋ እንላለን» ይላል። የአውሮፓ ፖሊስ የታቀፈ ሕፃንም ይቆጥራል።