ቅዳሜ የሚለቀቅ ከተማ

የአዲስ አበባ ሰው ከተማውን ለቆ የሚሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። በመሃል ባሉት ሰዓታት ግን ምሎ ተገዝቶ ለቋል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከፊቱ ቀርቦ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ሲንጎራደዱ እያየ «ኑሮ ማለት ይሄ ነው እንጂ!» ይላል። ሚስቱ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤተሰቡ ጥናት ላይ ነው።

ጥናቱ የሚካሄደው ሆቴል ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በሚነሳበት፣ ቁርስ ተሠርቶ በሚጠብቅበት፣ አልጋ ሌላ ሰው በሚያነጥፍበት ቤት አድሮ «ከተማው ይመቻል» ለማለት ሐዋሳ ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። የቤት ኪራዩ ጉዳይ ለባጃጅ ሹፌር ይተዋል። ሹፌሩ አነጋገራቸውን ሰምቶ፣ የእመቤቲቱን መነጽር በመስታወት አይቶ፣ የቦሌን ዋጋ ይጠራላቸዋል። «እዚህም ተወዷል ማለት ነው?» አዎ፣ ለእናንተ ተወዷል።

እሑድ ማታ ጉባኤው ይቀመጣል። በእኛ ኮንዶሚኒየም ይህን ጉባኤ ያላስተናገደ ሳሎን ጥቂት ነው፤ ግድግዳችን ስስ ስለሆነም ቃለ ጉባኤው ለሁላችንም ይደርሰናል።

መጀመሪያ የሚናገሩት አያት ናቸው። «ልጆቼን ቆላ አውርዳችሁ ለወባ!» ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የወባው ነገር ሐሰት አይደለም። ግን እማማ ራሳቸው ተወልደው ያደጉት ከዚያ በባሰ ቆላ ነው። ይህን የሚያስታውሳቸው ሲመጣ «እኛማ ለምደነው ነው» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ትምህርት ቤት ላይ አባትየው ይነሳል። ልጁ በጨለማ ተቀስቅሶ ሰርቪስ ላይ ያንቀላፋል፣ ሲመለስም ያንቀላፋል፣ በመሃል ተምሯል ተብሎ ይከፈልለታል። ሐዋሳ ግን ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል። አባትየውን የሚያሳስበው ይሄው ነው፤ ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ትምህርት ቤት እንዴት ጥሩ ሊሆን ይችላል? (የሐዋሳው አባት በበኩሉ በዚያው ሰዓት ልጆቹ ደህና ትምህርት ቤት እንዲገቡለት ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ሚስቱን እየለመነ ነው። ሁለቱ አባቶች ሻሸመኔ ላይ ቢገናኙ ቤታቸውን ተለዋውጠው በተገላገልን።)

ሐኪሙ፣ ኔትወርኩ፣ ማኪያቶው ቶሎ ቶሎ ይታለፋሉ። ሁሉም ያላቸው መልስ አንድ ነው፦ እዚያም አለ፣ ግን «እንደዚህ አይደለም»።

የጉባኤው እውነተኛ አጀንዳ የሚወጣው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አባትየው በ2005 ለ20/80 የተመዘገበ ነው። ደብተሩን ሲከፍት ገና ወንደላጤ ነበር፤ አሁን ልጁ አምስተኛ ክፍል ደርሷል። ያኔ የተመዘገበው በአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያው ነው። ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ደግሞ ከወረዳ መሸኛ ማውጣት፣ መታወቂያ መመለስ ያስፈልጋል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ «ይቺ ከተማ ለሰው አትሆንም» ብሎ የሚምል ሰው መሸኛ የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቱ ይገረጣል። ሐዋሳ በገባ በሳምንቱ ዕጣው ቢወጣስ? ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ልክ ሲሄድ? ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስበው ሰውዬ አዲስ አበባ ቤት እስኪደርሰው ይጠብቃል።

ከዚያ እድሩ አለ። «ሃያ ዓመት የከፈልኩበትን እድር ጥዬ፣ እዚያ ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለ ጎረቤቴ አንድ ማታ፣ ግድግዳውን እስኪያነቃንቅ። ገና አርባዎቹን ያላጋመሰ ሰው ነው። የሚኖርበትን ከተማ የሚመርጠው በሚቀበርበት መሆኑን ሚስቱ ልትነግረው ሞከረች፤ እሷም ግን ማኅበሯን ማን ያወጣላታል?

ቆርጠው የሚሄዱም አይጠፉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ። «45 ኪሎ ሜትር እኮ ነው!» ይላሉ፣ እዚያው ሰፈር እንደቀሩ ያህል። ሥራው አዲስ አበባ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ ልቅሶው አዲስ አበባ። ፈጣን መንገዱ ያንሳፍፍና ቱሉ ዲምቱ ላይ ያራግፋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሸሽተውት የሄዱት መጨናነቅ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የሐይቁን ስም ጠይቋቸው። ሆራ ይሁን ባቦጋያ አያውቁም፤ ሲወጡም ሲገቡም ጨለማ ነው።

ይባስ ብሎ ዘመድ መሄዳቸውን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፦ «ምን ሆኖ ነው? ከሥራ ወጣ እንዴ?» አሜሪካ ቢሄድ ድግስ ይደገስለት ነበር። ሐዋሳ የሄደ ግን ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ደህና ምክንያት ካላገኘም «ኢንቨስትመንት» ይላል።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ሚስት አዲስ ሐሳብ አመጣች። «አሰላስ?» ደጋ ነው፣ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወባ አይደፍረውም። እማማ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው የድጋፍ ድምፅ ሆኖ ተቆጠረ። አባትየው የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር መሆኑን፣ አየሩ ለሳንባ እንደሚስማማ፣ ሶፋው ላይ ለሚያንቀላፋው ልጁ አብራራለት። ሁሉ ተስማማ ሲባል የእድሩ ነገር ተነሳ። ትንሽ ተከዘና «ግድ የለም፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው ሬሳዬ እዚህ ለመድረስ» አለ። እማማ «በስመ አብ!» ሲሉ ተሰማኝ። ሚስቱ ግን ስልኳ ላይ ካርታውን ከፍታ ኖሯል፤ በአዳማ በፈጣን መንገዱ ከሆነ ከዚያም ቀድሞ እንደሚደርስ ነገረችው።