ቁጠባ በበርሜል

ውርጌሳ አስፋልት ዳር ከሰዓት በኋላ ጥላ ይዞ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን አይሱዙ በዓይኑ እየሸኘ፣ ጫቱን እየቀነጠሰ ኑሮን ይተነትናል። ከዶላር ይነሳል፣ በነዳጅ ያልፋል፣ ዘይት ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ወደ አመሻሹ ግድም ደግሞ የችግሩን ሁሉ ሥር ያገኘዋል፦ «የኛ ሴቶች እኮ መቆጠብ አያውቁም!» እጁ ላይ ያለው ዙርባ ስንት ሳሙና እንደሚገዛ የሚጠይቀው የለም። ጠያቂ መሆን የነበረበት ሰውዬ የራሱም ጉንጭ ሞልቷል።

ጎረቤቴ ከነዚህ ሊቆች አንዱ ነው። የሚለየው ሌላው አውርቶ ሲነሳ እሱ ያወራውን መሥራት መጀመሩ ነው።

ብሶቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው መቶን ተሻገረ። የዱቄት ሳሙናውም የላርጎውም ዋና ዋና ጥሬ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነውና ዋጋቸው ዶላሩን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ሴቶቹ ለዚህ ነገር ስብሰባ አልጠሩም። አንዷን አጃክስ በክር ለሁለት ሰንጥቀው ግማሿን ደበቁ፤ ያለቀችዋን ቁራጭ ከሌላ ቁራጭ ጋር አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትተው ቋጠሩና ማጠቡን ቀጠሉ። ጎረቤቴ ግን ይህን ቁጠባ ብሎ አልቆጠረውም። ማኅተም የለውማ!

ማኅተም ያለው ቁጠባ የተገኘው መብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። በቤትዎ ላርጎ፣ በረኪናና የእጅ ሳሙና ያምርቱ፣ ወጪዎን ይቀንሱ ይላል። ጎረቤቴ ወጪውን ለመቀነስ ወልድያ ወጣ። የስልጠናው ተከፈለ፣ ትራንስፖርቱ ተከፈለ፣ ምሳው ተከፈለ። የምስክር ወረቀቱ ባዶውን ግድግዳ ላይ አይለጠፍምና መስታወት ያለው ፍሬም ተገዛለት። ሰልፎኒክ አሲዱ፣ ኮስቲክ ሶዳውና ቴክሳፖኑ ከመርካቶ በአውቶብስ ተጭነው መጡ፤ በርሜል፣ የጎማ ጓንት፣ ማስክ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም፣ የሎሚ ሽቶ ተከተሉ። ገንዘቡ የሚስቱ እቁብ ነበር። ዕጣው የወጣላት በዚያው ወር ነው። አማቱ ዝርዝሩን ሰምተው ሲያበቁ የተናገሩት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

ምርቱ የተጀመረ ዕለት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። ማማሰያ ተፈለገና ጠፋ፤ የሚስቱ የገንፎ ማማሰያ ተወረሰ።

«ገንፎውስ በምን ይገንፋ?» አለች።

«ይታጠባል እኮ፣ ሳሙና ነው!» አላት።

ከዚያ ማማሰል ሆነ። ስልጠናው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚማሰለው ተብሏል። አንዴ ወደ ቀኝ ከተጀመረ ወደ ቀኝ ነው፤ እጅ ሲቀየር እንኳ በርሜሉን ዞሮ በሌላኛው በኩል መቆም እንጂ መመለስ የለም። ልጁ ተራውን ሲቀበለው ተሳስቶ አንዲት ዙር ወደ ግራ አማሰለና የደረሰበትን ቁጣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ኬሚስትሪ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ቀስ ብሎ ማማሰሉስ አረፋው እንዳይበዛ ይረዳል፤ አቅጣጫው ግን ለሰልፎኒክ አሲዱ ደንታውም አይደለም። በአገራችን ግን ያለ ሥርዓተ አምልኮ የተሠራ ነገር ሙያ አይመስልም።

ፈሳሹ ቀጠነ። ለዚህም መድኃኒት አለው፤ ጨው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ሁሉ ቅመም እዚህ ነውና። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ሳሙና ጨው ያወፍረዋል፤ እውነት ነው። የሚያወፍረው ግን እስከ ልኩ ድረስ ነው። ልኩን ሲያልፍ ያወፈረውን መልሶ ያቀጥነዋል፤ ከዚያ ወዲያ በጨመሩ ቁጥር ወደ ውሃነት ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ጎረቤቴ አንድ እፍኝ ጨመረ፤ ወፈረ። ደስ አለው። ሁለተኛ ጨመረ፤ እንደ ማር ሆነ። ሚስቱ «በቃ፣ ተወው» አለች። ማር የሆነ ነገር ቅቤ ቢሆን ማን ይጠላል? ሦስተኛውን ጨመረ፤ ላላ። ጨው ያነሰው መስሎት አራተኛውን ደገመ። ማር የነበረው እየቀጠነ ሄዶ እንደ ጠላ ቅራሪ ሲሆን በርሜሉን ከቦ የነበረው ልጅ ሁሉ ዝም አለ። የሚገርመው በዚያ በርሜል ውስጥ የአገር ውስጥ ምርት የሚባሉት ውሃውና ጨዉ ብቻ ናቸው። ጨዉ የአፍዴራ ነው፤ ከአፋር የመጣ፣ የገዛ ጎረቤታችን። ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ አፈር ያስበላው እሱ ነው።

ያም ሆኖ አረፋ አለው። አረፋ ካለ ደግሞ እኛ ዘንድ ሳሙና ነው፤ ማን እድፉ ለቀቀ ወይ ብሎ ይጠይቃል? በርሜሉ ለሌሊት ተከድኖ አደረና በማግስቱ ሥራ ጀመረ። የቁጠባው ጉድ የታየውም ያኔ ነው። የተገዛ ላርጎ በክዳን እየተለካ ይፈስ በነበረበት ቤት፣ የቤት ስለሆነ በጭልፋ መቅዳት ተጀመረ። አንዲት ብርጭቆ በአንድ ጭልፋ። ደረጃው ታጠበ፣ የበሩ ብረት ታጠበ፣ የልጁ ጓደኛ ባጃጅ ከነጎማው ታጠበ። አረፋውን ለማጥራት ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ በአንድ ጀሪካን ያልቅ የነበረው ዕቃ ሁለት ጀሪካን ጠየቀ። ከቦኖ ውሃ የምታመጣው ልጅ ነች ልዩነቱን ቀድማ ያወቀችው፣ በወገቧ። ጎረቤቴ ግን ሒሳቡን የሚሠራው በሊትር ሳሙና ነው፤ ጀሪካኑ ሌላ መዝገብ ውስጥ ነው ያለው።

በርሜሉ ሲጎድል ወደ ሁለተኛው ዘመቻ ተሻገረ። ይኼኛው ከቲክቶክ የመጣ ነው፦ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ። (ስለ ቁጠባ የሚያስተምር ቪዲዮ ለማየት በወር የሚሞላው የኢንተርኔት ጥቅል ሁለት ኪሎ ኦሞ ሳይገዛ አይቀርም፤ ይህም ሌላ መዝገብ ነው።) ሁለቱ ሲገናኙ ፍሽሽ ብለው ይፈላሉ፤ ሰው ሁሉ እድፉ የታረደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን አንዱ አሲድ አንዱ የአሲድ ጠላት ነው፤ ተያይዘው ይሞታሉ። ፍሽታው የሚወጣው አየር ነው፤ ልክ እንደ አምቦ ውሃ። ገንዳው ላይ የሚቀረው ጨው ቢጤ ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻቸው ቢሆኑ ኖሮ አቼቶው የውሃውን ነጭ ዝቃጭ ከማንቆርቆሪያ ያስለቅቅ ነበር፣ ሶዳውም ቅባት ይፈትግ ነበር። ፈረንጅ ይህን የሚያደርገው አቼቶ በአገሩ ርካሽ ስለሆነበት ነው። እኛ ግን ሎሚ በሚሸጥበት አገር፣ መርሳ ላይ ፍራፍሬው በቅርጫት መንገድ ዳር በተደረደረበት፣ አቼቶ ፍለጋ ደሴ እንወጣለን።

ሎሚው የታሰበው ዘግይቶ ነው፤ የታሰበውም መታሰብ በማይገባው ቦታ። ሽንት ቤቱን ለማንጣት በረኪና ፈሰሰ፤ ኃይል እንዲጨምርለት የሎሚ ጭማቂ ሊደረብበት ሆነ። ደግነቱ ከጂዳ የተመለሰችው የጎረቤት ልጅ ዕቃ ልትዋስ መጥታ ነበር። ከዚህ አካባቢ ስንቷ ሴት የዓረብ ቤት ስታጸዳ ኖራ እንደተመለሰች ሁላችንም እናውቃለን፤ የእጃቸው ቆዳ የተላጠው ክሎሮክስ በሚሉት በረኪና ነው። ሎሚውን ስታይ የያዘችውን ሰፌድ ጣለችው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ተዉት! ይገድልዎታል።»

«ሎሚ ይገድላል?»

«ከክሎሮክሱ ጋር ከሆነ አዎ። እኛ እዚያ ሽንት ቤት ዘግተን ስንቀላቅል የወደቀች ልጅ አይቻለሁ።»

ልክ ናት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሎሚም አቼቶም አሲድ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1915 ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላት ምሽግ የለቀቁት ይኸው ጋዝ ነበር። ጎረቤቴ የዓለም ጦርነት ሊከፍት የነበረው ሁለት ሜትር በማይሞላ ሽንት ቤት ውስጥ ነው፣ ለዚያውም ማስኩን ሳያደርግ። በርሜሉ ሲማሰል ግን አድርጎት ነበር፤ ፎቶ ስለሚነሳ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቱ ከጓሮ በኩል ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ድስቱን በአመድ ይፈትጋሉ። የጠላ ጋኑን በግራዋ ያጥባሉ፣ የወተት ዕቃውን በወይራ ያጥናሉ፣ ነጠላቸውን በእንዶድ ያነጣሉ። አመዱ ውስጥ ፖታሽ አለ፤ ድስቱ ላይ ከቀረው ቅባት ጋር ሲታሽ እዚያው ጥቂት ሳሙና ይፈጥራል። ያለ በርሜል፣ ያለ ሽቶ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እየታሸ። ስለ እንዶዱ ብነግረው ጎረቤቴ ፊቱን አኮማተረ፤ «ተው እንጂ፣ እሱ እኮ የድሮ ነው» አለ።

የድሮውን ነገር ቁም ነገር ያደረገው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያል። ቀንድ አውጣዋ ብልሃርዝያ የምታስተላልፈዋ ነበረች። ከዚያች የልብስ አጠባ የተነሳው ምርምር እሱንና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በዚያው አቆጣጠር በ1989 ስዊድን ድረስ ወስዶ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አሸለማቸው። አሜሪካ ውስጥም የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶዱን የውሃ ቧንቧ በሚዘጉ ባለ ዛጎል ፍጡራን ላይ ሞክሮ ፓተንት አወጣበት። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና «ስልጠና ይሰጣሉ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ የቤት ሳሙና ጠላት አይደለሁም። ልኩን የሚያውቅ ሰው ላርጎ አምርቶ ሲተዳደር አይቻለሁ፤ መደብ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ፣ ጨዉን በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን የሚለካ። የሚያስቀኝ ቁጠባን ወንድ ሲጀምረው ፕሮጀክት መሆኑ፣ ሴት ስትኖርበት ደግሞ ስም ማጣቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን አገር ይዞ፣ መብራትና ባንክ ለወራት ተቋርጦ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ያለውን አብቃቅተው ልጅ አጥበው፣ አልብሰውና አብልተው ያከረሙት እነማን እንደነበሩ አስፋልት ዳር ያሉት ሊቆች አይጠፋቸውም። ያኔ ማንም የምስክር ወረቀት አልሰጣቸውም። ጎረቤቴ አሁን ሚስቱን የወጪ መዝገብ እንድትይዝ እያስተማራት ነው። እቁቡን መዝገቡ ላይ ስታሰፍረው «እሱ ካፒታል ነው» ብሎ አሰረዛት።

የተረፈው ቅራሪ ላርጎ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ ለዘመድ በስጦታ ታድሏል። ቢጫ ነው፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት የውሃ ነው። በቀልድ የማላልፈው ይህችን ብቻ ነው። ላርጎም ሆነ በረኪና በሃይላንድ የቀዳችሁ ሁሉ ወረቀቱን ላጡትና በደማቁ እንደ ይዘቱ «ሳሙና ነው» ወይም «በረኪና ነው» ብላችሁ ጻፉበት፤ ማንበብ የማይችል ልጅ አለና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የኮስቲክ ሶዳውንማ ቆልፉበት። ድንገት ልጅ ከጠጣው ለማስመለስ አትሞክሩ፤ አፉን በውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደጠጣ ነው።