አያት በምርጫ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲፈታ ቅድመ አያቱን ፍለጋ ይወጣል። ምራቁን ብልቃጥ ውስጥ እንትፍ ብሎ ለዲኤንኤ ምርመራ በፖስታ ይልካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ የመርከብ መዝገብ ያገላብጣል። ለጠየቀው ሁሉ «ከየት እንደመጣን ለልጆቼ ላቆይላቸው ብዬ ነው» ይላል። ልቡ የሚመኘው ግን መስፍን ነው፤ መስፍን ከጠፋ ጀግና፣ ጀግናም ከጠፋ ስሙ የተፈራ ሽፍታ አያንስም። ኩሊና ልብስ አጣቢማ በየሰው ዘር ሞልቷል!

የአኒ ሙር ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒውዮርክ ወደብ ላይ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት፣ ሁለት ወንድሞቿን አስከትላ በመጀመሪያ የገባችው ይህች የአየርላንድ ልጅ ነበረች። የ10 ዶላር ወርቅም ተሸለመች። ከዚያስ? አንድ የቴክሳስ ቤተሰብ «የኛ ናት» አለ፤ ወደ ምዕራብ ሄዳ፣ አግብታ፣ በመጨረሻ የከተማ ባቡር ገጭቷት ሞተች ተባለ። ታሪኩ ለፊልም የተሰፋ ስለነበር ሁሉም ወደደው፤ ዘሮቿም በየክብረ በዓሉ ተጋበዙ። በ2006 አንዲት የዘር ሐረግ አጥኚ መዝገቡን ብትገልጠው የቴክሳሷ አኒ የኢሊኖይ ተወላጅ ሆና ቁጭ!

እውነተኛዋ አኒ ከኒውዮርክ ንቅንቅ አላለችም። ማንሃተን ውስጥ ድሆች ሰፈር ኖረች፤ የዳቦ ቤት ሠራተኛ አገባች፤ ብዙ ልጆች ወልዳ ብዙዎቹን ቀበረች፤ በ1924 አረፈች። በ1993 ሐውልቷ በኤሊስ ደሴት ሲቆም፣ መቃብሯ ላይ ስሟን የሚናገር ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዩ የደረሳት በ2008 ነው።

ደግሞ «ስማችንን የኤሊስ ደሴት ጸሐፊ ቆረጠው» የሚል ቤተሰብ ብዛቱ! ጸሐፊው መርከቡ ይዞት የመጣውን የስም ዝርዝር እያየ ይጠይቅ ነበር እንጂ የክርስትና አባት አልነበረም። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ያሳጠረው ሥራና ሰላምታ የፈለገው አያት ራሱ ነው። የልጅ ልጅ ግን በአያት አይጨክንም፤ ጥፋቱን ለጸሐፊው ይሰጣል።

ተራው ለኛም ሰው ይደርሳል። ከ100 ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ የሚኖር የልጅ ልጅ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ አያቱን «የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት ነበሩ» ብሎ ይመዘግባቸው ይሆናል። ብቻ ልጁን ዋሾ እንዳትሉት፤ አያት ራሳቸው አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች በስልክ የነገሯቸው ይህንኑ ነው።