ግራ እጅህ ይስማ

አንዳንድ ወገኖች በወረታና በዙሪያዋ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚካሄደውን ጨረታ «ለታይታ ነው» እያሉ ሲያሙት እሰማለሁ። ጠበቃ ካጣ እኔ እቆምለታለሁ።

የፎገራ ሩዝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገንዘቡ ኪስ ሲገባ የታኅሣሥ ገብርኤልና የጥር ማርያም ንግሥ ይደርሳል። ጥላ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይወጣል፣ ሥዕል ይወጣል። ጨራቹ ማይኩን ጨብጦ «አምስት ሺህ፣ አንደኛ!» ይላል። ስድስት ሺህ ያለ ሰው ስሙ ከነአባቱ ይጠራለታል፤ እልልታው ይቀልጣል። ስሙ ተዘሎ እንደሆነ ልጁ ጠጋ ብሎ ለጨራቹ ሹክ ይለዋል። የማቴዎስ ወንጌል ቀኝ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ይላል አሉ። መብራት ባልነበረበት ዘመን የወጣ መመሪያ ስለሆነ አይፈረድበትም። ዛሬ ሞንታርቦ ስላለ ግራ እጅ ቀርቶ ከርብ ወንዝ ማዶ ያለ ባላንጣም ይሰማል፤ አብዛኛው የሚሰጠውም እሱ እንዲሰማ ነው። ያቺ ሁለት ሳንቲም የጣለች መበለት ዛሬ ብትመጣ መነሻ ዋጋውን አትሞላም። «እማማ፣ ሙዳየ ምጽዋቱ በዚያ በኩል ነው» ትባላለች፤ በትሕትና።

ትሕትናን ካነሣን ዘንዳ ፎገራ የጭቃ አገር መሆኑ አይዘንጋ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ማንንም አያከብሩም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሺህ ሰው ሲያፈናቅሉ ከዳሱ ራስ ላይ የሚቀመጠውን ከበር ከሚቀመጠው አልለዩትም። እንዲህ ባለ አገር እግር ማጠብ ቁም ነገር ነው። አባቶቻችንም የመንገደኛ እግር ያጥቡ ነበር። ማለቴ ያሳጥቡ ነበር፤ ጎንበስ የምትለው ሚስት ወይም ልጅ ናት፣ አባወራው ጋቢውን ተከናንቦ ትሕትናውን በሰው ወገብ ይፈጽማል። ለጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ካህኑ ወይራና የወይን ቅጠል በገባበት ውሃ እግራችንን ያጥባል፤ እኛም እንዳናሳፍረው ቤታችን በሳሙና ፈትገን እንሄዳለን። ነሐሴ ላይ ሩዝ ሲያርም ውሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰውን የቀን ሠራተኛ ግን ጎንበስ ብሎ ያጠበው ባለ ማሳ አላየሁም። ምን ይደረግ፤ ሕጽበቱ በፋሲካ ሰሞን፣ አረሙ በክረምት። ጥፋቱ የባሕረ ሐሳብ እንጂ የኛ አይደለም።

ተዝካሩንም አታንሡብኝ። የሚወጣው ለነዳያን ነው፤ ነዳያኑም ከአጥሩ ውጭ ሆነው ባለ ሥልጣንና ባለ ወፍጮ ስለ እነሱ ሲበላላቸው ያያሉ።

የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል አውራምባ የምትባል መንደር አለች፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት። ነዋሪዎቿ ቤተ ክርስቲያን የላቸው፣ መስጊድ የላቸው፤ ንግሥ አያነግሡ፣ ተዝካር አያወጡ። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በአንድ ቤት ሰብስበው ይንከባከባሉ፣ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ማይክ! ሽማግሌው ገላውን ሲታጠብ እልል የሚል የለ፣ ያጠበው የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውጅ የለ። ስም ያልተጠራበት ጽድቅ በየትኛው መዝገብ ይገባል? በደርግ ዘመን እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደው ነበር፤ ተመልሰው መጥተውም ያችኑ ሥራቸውን ያዙ። ግትሮች ናቸው።

እንግዲህ ወንጌሉን ማሰማት የኛ ዕዳ ነው። አውራምባ ድረስ የሚዘልቅ አዲስ ሞንታርቦ እንግዛ፤ ገንዘቡ የሚገኘው በጨረታ ነው። መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ጌታ ስሙ እንዳይዘለል ከወዲሁ በወረቀት ጽፎ ለጨራቹ ይስጥ፤ የአባቱ ስም ከአያቱ ጋር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።