ሳይለኩ «አልቋል» አትበሉን

ኅዳር ሲገባ ይጀምራል። ሰማዩ ጠርቶ ያደረ ሌሊት ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከየግቢው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ቁልፍ ይዞራል፤ ሞተሪኖው አንድ ሁለት ጊዜ ያቃስታል፤ ከዚያ «ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ» ብቻ። ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የትምህርት ቤቱ በር ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። መኪና ያለን ሰዎች በአዲስ አበባ ብዙ ነገር ችለናል። የነዳጁን ሰልፍ ችለናል፣ የመንገዱን ጉድጓድ ችለናል፣ የመለዋወጫውን ዋጋ ችለናል። የባትሪው ነገር ግን መረረን። ያማረረንም ባትሪው ራሱ አይደለም፤ ማንም ሳይለካ ሁሉም የሚፈርድበት መሆኑ ነው።

የቆመ መኪና ዙሪያ ሰው ለመሰብሰብ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሰዉ ደግ ነው፤ ይገፋል፣ ላቡን ያንጠፈጥፋል፣ ሳንቲም አይጠይቅም፤ እግዜር ይስጥልን። ምርመራው ላይ ነው መከራችን። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ሞተሪኖ ነው፣ በመዶሻ መታ መታ አድርገው» ይላል። ሦስተኛው «ዲናሞው አይሞላም» ይላል። አራተኛው ምንም ሳይል ድንጋይ አንስቶ የባትሪውን ራስ ይቀጠቅጣል። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁሉም የየራሳቸው ፍርድ አላቸው፣ አንዳቸውም ግን አልለኩም። ግፊያውም ቢሆን የሚያስነሳው ማኑዋሉን ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ ይቻላል። ከተማውን ከሞሉት ቪትዞች ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው፤ እነሱን እስከ ቃሊቲ ብንገፋቸው አይነሱም። ማኑዋል ያለን ደግሞ ማታ ማታ ቁልቁለት ፍለጋ ሰፈር እንዞራለን። በራችን ላይ ቦታ እያለ፣ ጠዋት ተንደርድሮ እንዲነሳልን ብለን መኪናችንን ከሰው አጥር ሥር አቁመን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወትፈን፣ በጨለማ በእግራችን ወደ ቤት እንመለሳለን።

ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይሞትም። ሳምንታት ቀድሞ ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ይጎተታል። ቁልፍ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል። ራሱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይበቅላል። ጎኑ ያብጣል። አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ይህን ሁሉ እያየን «እስቲ ይህን ወር ይግፋልን» የምንለው ለምን እንደሆነ ይታወቅልን። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ ባትሪም አብሮ ተሰቀለ። ባትሪ መቀየር ዛሬ የቤት ወጪ የሚያናጋ ውሳኔ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በግምት ሲወሰንብን ለምን አንጮህ?

በደንብ የተያዘ የመኪና ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። የእኛ ሁለተኛ ዓመቱን ሳያከብር ይደክማል። «ዕቃው ነው፣ የድሮው ዕቃ ቀረ» ተብሎ ይታለፋል። ዕቃው ብቻ አይደለም። ከሳሪስ ተነስተን ሜክሲኮ እስክንደርስ ከምንነዳው የምንቆመው ይበልጣል። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሳት በዚያች ጥቂት ሰከንድ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የወጣውን የሚተካው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞው ደግሞ በሚኒሞ ቆመን፣ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየነፋ፣ ስልካችን ቻርጅ እየተደረገ፣ ለባትሪው የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ደረስን ብለን እናጠፋለን፤ ዳቦ ቤት ስንደርስ እናስነሳለን፤ እናጠፋለን፤ እናስነሳለን። ባትሪው ሳይሞላ ይውላል፣ ሳይሞላ ያድራል። ሳይሞላ የኖረ ባትሪ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ የተጋገረው አንዴ ከጠነከረ ቻርጅ ቢደረግም አይለቅም። በዚያ ላይ ከገዛን በኋላ ያስገጠምነው አላርምና ስክሪን አለ። መኪና ቆሞ ሲያድር ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ባይስብ ደግ ነበር፤ ገመዱን ያለ ቅጥ የቀጣጠለው ሰው ግን ስንት እንደሚስብ ለክቶ አላስረከበንም። ሁለት ሳምንት ክፍለ ሀገር ከርመን ስንመለስ በሩ እንኳ በሪሞት አይከፈትም።

ብርዱንም ያለ ጥፋቱ እንረግመዋለን። ባትሪውን ውስጥ ውስጡን የሚበላው ሙቀት ነው፤ ውሃውን ያተነዋል፣ ሰሌዳውን ያዝገዋል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም መተማ ተመላልሶ የመጣ መኪና ባትሪው ያለቀው እዚያ ነው። ኅዳር ላይ ብርዱ ኬሚካሉን ሲያዘገየው፣ የሞተሩም ዘይት ሲወፍር፣ የቀረችው አቅም አልበቃ ትላለች፤ ያኔ እኛ ደጅ ላይ እንቀራለን።

አሁን ወደሚያንገበግበን እንምጣ። እንደምንም አስነስተን ኤሌትሪሻን ዘንድ እንሄዳለን። ልጁ ኮፈኑን ይከፍታል። ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣና ከፖዘቲቩ ወደ ኔጋቲቩ ያስነካዋል። ብልጭ ይላል፤ የካቻቢቴው ጫፍ ይጠቁራል፤ ትንሽ ጭስ ይወጣል። ልጁ ጭሱን በእጁ እያራገበ «ጋሼ፣ ይቺ አልቃለች፤ አይድከሙ፣ ይቀይሯት» ይላል። ይኸው ነው ምርመራው። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፤ ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል፤ የሚረጨው አሲድ ነው፤ የሚያርፈውም እዚያው ያጎነበሰው ልጅ ዓይን ላይ ነው። እኛ ለባትሪያችን ስንሟገት ለልጁም ዓይን እንሰጋለን።

ሁለተኛው ምርመራ ከዚህ ይብሳል። ሞተሩ እየሠራ ኔጋቲቩን ይነቅሉታል። «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው፣ ከጠፋ ዲናሞው ነው» ይላሉ። ይህ ለአሮጌ ላዳ ሠርቶ ይሆናል። የዛሬ መኪና በኮምፒውተር የሚተዳደር ነው። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት ድንገት ይዘልና ያንን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል። ባትሪ ልናስመረምር ገብተን ኮምፒውተር ተቃጥሎብን እንወጣለን፤ ስንጠይቅ «ድሮም ችግር ነበረበት» እንባላለን።

ቴስተር እኮ አለ! ኪስ የሚገባ፣ መርካቶ በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ የሚሸጥ፣ ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት የሆነ ዕቃ ነው። መኪናው አድሮ ገና ሳይነሳ ሁለቱን ጫፎች ባትሪው ራስ ላይ ማስነካት ነው። 12.6 ቮልት ካነበበ ሞልቷል። 12.2 ካነበበ ግማሽ ነው። ከ12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ባዶ መሆን ግን ማለቅ አይደለም፣ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ሞልቶ ሳለ፣ ሞተሪኖው በሚስብባት ቅጽበት ከ9.6 በታች ከወረደ ያኔ በእርግጥ ደክሟል፤ ምክንያቱም ቆሞ 12.6 የሚያሳይ ባትሪም ጭነት ሲመጣ ሊወድቅ ይችላል። ሞተሩ ተነስቶም ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካላሳየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው ወይም የላላው ቺንጊያ ነው። ይህ ሁሉ ቡና ፈልቶ እስኪቀዳ አይፈጅም። ይህን ባለማድረግ ስንቶቻችን ነን አዲስ ባትሪ ገዝተን በሳምንቱ መልሰን የቆምነው? ባትሪው ደህና ነበር፤ የማይሞላው ዲናሞው ነበር፤ አዲሱንም ባዶ አደረገው። እየነዳን ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የባትሪ ሥዕል ያለው ቀይ መብራትም የሚናገረው አለመሞላቱን ነው፤ ያንን አይቶ ባትሪ የሚያስገዛን ግን አይጠፋም።

ስለዚህ መቼ እንደሚቀየር እናውቃለን። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ፣ ተነቅሎ ተቀምጦ፣ በነጋታው ቮልቱ ከወረደ ይቀየር። ጭነት ላይ ከወደቀ ይቀየር። ጎኑ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። አራተኛ ዓመቱን ከያዘ ደግሞ ክረምት ሲወጣ ይለካና ይወሰን፣ ኅዳርን አይጠብቅ። ቁጥሩን አሳዩን እንጂ እንከፍላለን፤ ጥርሳችንን ነክሰንም ቢሆን እንከፍላለን።

ስንከፍል ደግሞ ሌላው ይጀመራል። ሱቁ ውስጥ ባትሪዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ አቧራቸው ተጠርጎ ያብረቀርቃሉ። «መቼ የተመረተ ነው?» ስንል «አዲስ ነው፣ ወንድሜ» እንባላለን። አዲስ ስንት ወሩ ነው? ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም በየወሩ ከሙላቱ ይቀንሳል፤ ወራት ቻርጅ ሳይደረግ ከከረመ ሳይገጠም ያረጃል። አንዳንዱ ላይ ቀኑ በቁጥር ታትሟል፤ ሌላው ላይ ፋብሪካው ብቻ በሚያውቀው ኮድ ተጽፏል። የታተመው ቁጥርም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሻጩ እሱን ይዞ ያምታታናል። 2024 የሚል ባትሪ በእኛ 2016 ወይም 2017 ላይ የተመረተ ነው፤ ሒሳቡን በጣታችን ስንቆጥር «አትጠራጠር፣ ትናንት ነው የገባው» ይለናል። የገባበትን ሳይሆን የተመረተበትን ነበር የጠየቅነው።

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። 55ዲ23ኤል የሚል ባትሪ ላይ 55 የአቅም ደረጃው ነው፣ 23 ርዝመቱ በሴንቲሜትር ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኤል ደግሞ ራሶቹ በየትኛው በኩል እንደሆኑ ይናገራል። «ኤል አለቀብን፣ አር ውሰድ፣ ያው ነው» ይሉናል። ያው አይደለም! ፖዘቲቩ በወዲያኛው በኩል ይሆንና ገመዱ አልደርስ ይላል። ከዚያ ገመድ ይቀጠላል፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ይጠቀለላል፣ ባትሪው ከማሰሪያው ስለሚሰፋ ማሰሪያው ይጣላል፣ በምትኩ ከመነዳሪ ቁራጭ ይታሰራል። በዚያ ሁኔታ ኮብልስቶን ላይ ስንነዳ ባትሪው ሲዘል ይውላል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ሰሌዳዎች ያረግፋቸዋል። በስድስተኛው ወር ዋስትናውን ይዘን ስንመለስ «ውሃ አልጨመርክበትም» እንባላለን። ክዳኑ የተደፈነ ባትሪ ነው የሸጡልን፤ በየት በኩል እንጨምር?

ክዳኑ ለሚከፈተው ደግሞ ምክሩ ተገላቢጦሽ ነው። «አሲድ ጨምርበት፣ ይነቃል» ይላሉ። ከባትሪ የሚተነው ውሃ ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። መጨመር ያለበት የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ በአሲድ ላይ አሲድ ሲደፋበት ሰሌዳው ይበላል። ለሁለት ቀን ጎበዝ ይሆንና በሦስተኛው ጸጥ ይላል። አሮጌውን ደግሞ ቆራሌው ይገዛናል፤ ብዙ ጊዜ አሲዱ እዚያው ሰፈር ቦይ ውስጥ ይደፋል። ከባትሪ ክብደት ከግማሽ በላዩ እርሳስ ነው፤ እርሳስ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በዚያ ቦይ ዳር ኳስ የሚጫወቱት የእኛ ልጆች ናቸው። ሻጩ አሮጌውን ተቀብሎ በወጉ እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ሰው ቢኖር ምን ነበረበት?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «ተገላገላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ» የሚለን በዝቷል። የገዙትም ወንድሞቻችን ከእኛው ሰልፍ አልወጡም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ያቺው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለቻቸው። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁንም ባትሪ የምታገናኘው እሷ ናት። እሷ ስትደክም ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶ መኪናው አይነቃም። ጎረቤትም ሊገፋላቸው አይችል። ኤሌትሪሻን ደውለው «እባክህ መጥተህ ባለ 12 ቮልቷን ለካልን» ሲሉት «ኤሌክትሪክ መኪና እሷ የለችውም፣ ትልቁ ነው ያለቀው» ብሏቸው ይዘጋል፤ መጥቶ ሳያይ፣ ሳይለካ።